ቆጣሪውን ማን ገጠመው? የቤት ቆጣሪ ገጣሚዎች ሥልጠናና ብቃት በመሃል አዲስ አበባ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ማስተካከያው ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ነው የተወሰነው። በዚያው ሰሞን በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በሌሎች የመሃል ከተማ ሰፈሮች የኮሪደር ልማትና የመልሶ ማልማት ሥራ ተካሄደ። ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎች ተዛወሩ። በየመንገዱ ዳር የተንጠለጠለ ሽቦ ከምሰሶ ወርዶ መሬት ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ሥራ ባለበት ሁሉ ቆጣሪ ይነሳል፣ ይዛወራል፣ ይቀየራል።

ሁለቱ ነገሮች ስለተደራረቡ ወሬውም ተደባለቀ። የሞላው ካርድ ቶሎ ያለቀበት ሰው “አዲሱ ቆጣሪ ይጋልባል” ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ “ቆጣሪው ምንም አልሆነ፣ ታሪፉ ነው የጨመረው” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም የማይነሳ ሌላ ጥያቄ ግን አለ። ቆጣሪውን የገጠመው ማን ነው? ምን ተምሮ ነው የገጠመው? ከገጠመ በኋላስ ሥራውን ማን አየለት?

ይህ ጥያቄ ከታሪፉ ያነሰ አይደለም። ዘመናዊ የቤት ቆጣሪ ከፋብሪካ ሲወጣ የስህተት ወሰኑ ጠባብ ነው። ክላስ 1 የሚባለው ደረጃ ከ1 በመቶ በላይ እንዳይሳሳት ተብሎ የሚሠራ ነው። በአገጣጠም የሚመጣ ስህተት ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም።

አራት ሽቦ ማሰር ብቻ አይደለም

የተለመደው የቤት ቆጣሪ ነጠላ ፌዝ ነው። አራት ማሰሪያ አለው። ሁለቱ ከውጭ ለሚመጣው መስመር፣ ሁለቱ ወደ ቤት ለሚገባው። ፌዝ የሚባለው ኮረንቲውን ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው። ኒውትራል ደግሞ የመመለሻው ነው። አራቱን ለይቶ ማሰር ልምድ ላለው ኤሌክትሪሺያን የደቂቃዎች ሥራ ነው። “ይሄ ምን ሥልጠና ይፈልጋል?” የሚባለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ከአስተሳሰሩ ጥራት ጀምሮ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ብሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ በመገናኛው ላይ የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ያህል ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ብቻ ወደ 25 ዋት ሙቀት ይወጣል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ማሰሪያው ይግላል፤ ሲበርድ ደግሞ የበለጠ ይላላል። ከወራት በኋላ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከውጭ የሚመጣው መስመር አሉሚኒየም፣ የቤቱ ደግሞ መዳብ ከሆነ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ ተነካክተው እርጥበት ካገኛቸው ይበላላሉ። ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ። ያንን ማወቅና ይዞ መምጣት የገጣሚው ብቃት አካል ነው።

ሦስት ፌዝ በገባበት ግቢ አደጋው ከፍ ይላል። በሦስት ፌዝ መስመር በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ነው። ቤቱ 220 የሚያገኘው ኒውትራሉ በቦታው ስላለ ነው። ኒውትራሉ ቢላላ ወይም ቢቆረጥ ቮልቴጁ በየክፍሉ በተሰካው ዕቃ ልክ ይዛባል። አንዱ ክፍል መብራቱ ይደክማል፣ ሌላው ከ300 ቮልት በላይ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አንድ ላይ ተቃጠሉ ሲባል ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ገጣሚ ሲያገናኝ ኒውትራልን አስቀድሞ ያስራል፣ ሲያነሳም መጨረሻ ላይ ይፈታዋል። ቅደም ተከተሉን ያላስተማረ ሥልጠና ጎደሎ ነው።

ትልልቅ ሱቆችና ሆቴሎች ጋ የሚገጠመው ቆጣሪ ኮረንቲን የሚያሳንስ ትራንስፎርመር አለው። በባለሙያው አነጋገር ሲቲ ይባላል። አቅጣጫው ከተገለበጠ ወይም ማባዣው በስህተት ከተመዘገበ ሒሳቡ በእጥፍ ሊዛባ ይችላል። እሱ ግን ራሱን የቻለ የሙያ ደረጃ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

የድሮ ግቢዎች የደበቁት ችግር

በመሃል አዲስ አበባ ነገሩን የተለየ የሚያደርገው የቤቶቹ ዕድሜና አኗኗር ነው። በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስ ያሉ አሮጌ ግቢዎች በየጊዜው ተከፋፍለዋል። ሰርቪስ ቤት ተጨምሯል፣ ክፍል ተቀጥሏል፣ ኪራይ ገብቷል። ሽቦውም አብሮ ተቀጥሏል። ፌዙ ከአንድ ቤት፣ ኒውትራሉ ከጎረቤት የመጣ ክፍል ማግኘት የማይታሰብ ነገር አይደለም። መብራቱ እስከበራ ድረስ ማንም አይመረምረውም።

የድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪም አይመረምረውም ነበር። የሚለካው በፌዝ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ከአዳዲሶቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ብዙዎቹ ግን ፌዙንም ኒውትራሉንም ይለካሉ። ጤናማ በሆነ መስመር በፌዝ የገባው ኮረንቲ ሁሉ በኒውትራል ይመለሳል፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። ልዩነት ከተፈጠረ ቆጣሪው ስርቆት ነው ብሎ ይገምታል። የማስጠንቀቂያ ምልክት ያበራል። ከሁለቱም ትልቁን ይዞ ይቆጥራል።

እንግዲህ ሁለት ቤቶች ከቆጣሪያቸው በኋላ ኒውትራላቸው ተነካክቷል እንበል። የአንዱ ምጣድ የበላው ኮረንቲ ከፊሉ በሌላው ቆጣሪ በኩል ይመለሳል። ቆጣሪዎቹ ሁለቱም ልዩነት ያያሉ። አንደኛው በፌዙ፣ ሌላው በኒውትራሉ ይቆጥራሉ። አንድ አጠቃቀም ከፊሉ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም። ቆጣሪውም አልተበላሸም። ለዓመታት ተደብቆ የኖረ የሽቦ ስህተት ቆጣሪው በተቀየረ ማግስት ገንዘብ ሆኖ ብቅ አለ። “አዲሱ ቆጣሪ ይጋልባል” ከሚባሉት አቤቱታዎች ውስጥ ቢያንስ የተወሰኑት በዚህ መንገድ ሊገለጹ የሚችሉ ናቸው። ይህን ሊይዝ የሚችለው ደግሞ በቦታው የቆመው ገጣሚ ብቻ ነው። ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ሳይቆርጡ ዙሪያውን ይዞ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ፣ በእጁ ካለና መለካት ካወቀ ምርመራው ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም።

የጋራ ቆጣሪም አለ። ታሪፉ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚል ነው። የመኖሪያ ቤት እርከኖች ሰባት ናቸው። በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከ51 እስከ 100 ባለው እርከን ይወድቃል። እንዲህ ያሉ ሦስት ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ድምሩ 270 ይሆናል። ከ201 እስከ 300 ወዳለው እርከን ገቡ ማለት ነው። ድሃ ሆነው ሳለ እንደ ከፍተኛ ተጠቃሚ ይከፍላሉ። ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲያድግ ይህ ልዩነት በብር እየሰፋ ይሄዳል። የግል ቆጣሪ የማግኘት ፍላጎትም አብሮ ይጨምራል። ወረፋው ሲረዝም ሰው ሌላ መላ ይፈልጋል። የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ከዋናው በኋላ ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥማል። ያ ቆጣሪ ለጎረቤቶች ሒሳብ መካፈያ ይረዳል። እርከኑን ግን አያወርድም፣ እሽግ የለውም፣ ትክክለኛነቱንም ማንም አላረጋገጠም። እንዲህ ባለው ግቢ ውስጥ ኒውትራል የመደባለቁ ዕድል ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ነው።

የውሃው ቆጣሪ ሌላ ሙያ ነው

ብዙ ሰው ሁለቱን ቆጣሪዎች በአንድ ዓይን ያያል። የውሃው ግን የቧንቧ ሙያ ነው፤ ባለቤቱም የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። የተለመደው የቤት ውሃ ቆጣሪ ግማሽ ኢንች ነው። በአካሉ ላይ የውሃውን መሄጃ የሚያሳይ ቀስት አለው። ብዙዎቹ ዓይነቶች አግድም ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ጎናቸውን ዘመም ካሉ ውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ይከብደዋል፤ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃም ሳይቆጠር ያልፋል። ከቆጣሪው በፊትና በኋላ የተወሰነ ቀጥ ያለ ቧንቧ የሚፈልጉም አሉ። ቆጣሪው ከመታሰሩ በፊት ቧንቧው በውሃ መታጠብ አለበት። አለዚያ ተቆፍሮ በተቀበረ መስመር ውስጥ የቀረ አሸዋ ገብቶ ያስረዋል።

አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት። ፈረቃው ሲደርስ ከውሃው ቀድሞ የሚመጣው በባዶው ቧንቧ ውስጥ የታጨቀ አየር ነው። ሜካኒካል ቆጣሪ አየርና ውሃን አይለይም፤ ሁለቱም ያዞሩታል። “ንፋስ ይቆጥርብናል” የሚለው የነዋሪ ቅሬታ መሠረት አለው። በተቃራኒው ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለበት ቤት ተንሳፋፊው መዝጊያ ሊዘጋ ሲል ውሃው በጣም ቀጥኖ ይገባል። ያኔ ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል። ገጣሚው ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይችልም። የቆጣሪውን ቦታና ከፍታ በመምረጥ፣ አየር ማስወጫ በማስገባት ግን ብዙ ማቃለል ይችላል። ይህ የሚለመደው በሥራ ቦታ ነው እንጂ በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም።

ሥልጠናው ከየት ይመጣል?

ኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚገጥም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ሙያ ነው። የውሃውም ከቧንቧና ሳኒተሪ ሥራ። በመሃል ከተማና በዙሪያዋ እንደ ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦና ጄኔራል ዊንጌት ያሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች በኤሌክትሪክና በግንባታ ነክ ሙያዎች ለዓመታት ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓቱ በደረጃዎች የተከፈለ ነው። በመርህ ደረጃ የሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠበቃል።

ሠልጣኙ ሲጨርስ የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው ይህንን ነው። የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው፣ ከአሠልጣኙ ተቋም የተለየ አካል ነው የሚሰጠው። ውጤቱ “ብቁ” ወይም “ገና ብቁ ያልሆነ” ነው። ኮሌጅ ሳይገቡ በሥራ ላይ የተማሩ ሰዎችም በልምዳቸው ሊመዘኑ የሚችሉበት መንገድ አለ። በመሃል ከተማ ለብዙ ገጣሚዎች ይህ በር ከኮሌጁ በር የቀረበ ነው።

ከሲኦሲ በላይ ደግሞ የተቆጣጣሪው ፈቃድ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችና ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የመስጠትን ሥልጣን ለዘርፉ ተቆጣጣሪ ሰጥቷል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ኃላፊነት የያዘው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ቆጣሪውን የሚያቀርበውና የሚያሽገው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሰው ዛሬም መብራት ኃይል ይለዋል። የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ኃይል ማመንጨቱ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ወደዚህኛው ተቋም ሄደ።

እዚህ ላይ ትልቁ ክፍተት ይታያል። ቆጣሪው ድንበር ነው። ቆጣሪውና ከእሱ በፊት ያለው መስመር የተቋሙ ነው፣ ከእሱ በኋላ ያለው የደንበኛው። የተቋሙ ገጣሚ “የውስጥ መስመር አይመለከተኝም” ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው። የቤቱ ኤሌክትሪሺያን “የታሸገ ቆጣሪ መንካት አልችልም” ይላል፤ እሱም ትክክል ነው። የተደባለቀው ኒውትራል ያለው በደንበኛው በኩል ነው። ጉዳቱ የሚታየው በተቋሙ መሣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ብቃት ያላቸው ሰዎች እያሉ ችግሩ የማንም ሳይሆን ይቀራል። በእኔ ግምት የገጣሚዎች ብቃት ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የጎደለው ተጨማሪ ወረቀት አይደለም። ድንበሩ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ወገን የመለካት ግዴታና ችሎታ ነው።

ሦስት አመለካከቶች

አንዳንዱ ጥብቅ ፈቃድ ይሻላል ይላል። ፈቃድ የሌለው ሰው ቆጣሪ አይንካ፣ ስም ዝርዝሩም ለሕዝብ ይታይ የሚል ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ምሳሌ የሚደረገው የውጭ አገር ነው። በብሪታንያ የጋዝ ቆጣሪ የሚነካ ሰው ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ውስጥ መስፈር አለበት። መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ባለቤቱም መታወቂያውን አሳየኝ የማለት መብት አለው። ጎረቤታችን ኬንያም ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች በየደረጃው ፈቃድ ትሰጣለች። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ እንዳለ ግን አይገለበጥም። የብሪታንያው ሥልጠና ከሚከብድባቸው ምክንያቶች ትልቁ ጋዙ ነው። አዲስ አበባ የቧንቧ ጋዝ የላትም። የመታወቂያው ሐሳብ ግን ምንም ጋዝ ሳያስፈልገው ሊወሰድ የሚችል ነው።

ሌላው ወገን ስለ ፍጥነት ይጨነቃል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም መብራት ለሁሉም ለማዳረስ የተነሳ ነው። እንዲህ ባለ ሩጫ ውስጥ መስፈርት ማጥበቅ ወረፋውን ያስረዝማል ይላሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ወረፋ ሲረዝም ሰው ወደ ሕገወጥ ቅጥያ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ከብቃት ማነስ የባሰ አደጋ ነው። ቢሆንም በአንድ ቤት ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚጨምር ምርመራ ወረፋውን የሚያስረዝመው በትንሹ ነው። በስህተት የተገጠመ ቆጣሪ ለአቤቱታ፣ ለዳግም ጉብኝትና ለቅያሪ የሚወስደው ጊዜ ይበልጣል።

ሦስተኛው ልምድን የሚያስቀድም ነው። ከታላላቆቹ ሥር ሆኖ ለዓመታት የሠራ ሰው ከአዲስ ተመራቂ ይበልጣል ይላል። ሽቦ በማሰር ላይ እውነት ነው። ችግሩ የለመደው ቆጣሪ ባለ ዲስኩ መሆኑ ነው። የኒውትራል መደባለቅ በዚያ ዘመን ሒሳብ ላይ አይታይም ነበርና የመፈለግ ልማዱ የለም። ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የሚያስፈልገው ኮሌጅ መመለስ ሳይሆን በአዳዲስ ቆጣሪዎች ላይ ያተኮረ አጭር ሥልጠናና በልምዱ የሚመዘንበት ሲኦሲ ነው።

ስማርት ቆጣሪ ሲመጣ

ስማርት ቆጣሪ ማለት ንባቡን በራሱ ወደ ተቋሙ የሚልክና ከርቀት የሚቆረጥና የሚቀጠል ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ አንባቢ በር አያንኳኳም። ይህ ምቾት አንድ ነገር ይወስዳል። አንባቢው በየወሩ እየመጣ ቆጣሪውን በዓይኑ ያይ ነበር። የተቃጠለ ማሰሪያ፣ የተሰበረ እሽግ፣ በውሃ የራሰ ሳጥን የሚያገኘው እሱ ነበር። እሱ ሲቀር ለብዙ ዓመታት ቆጣሪውን በቅርብ የሚያየው የመጨረሻው ሰው ገጣሚው ይሆናል።

ሥራውም ይሰፋል። ገጣሚው ቆጣሪውን ከሥርዓቱ ጋር ያስተዋውቃል፣ የቆጣሪ ቁጥሩን ከደንበኛው መዝገብ ጋር ያዛምዳል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ቆጣሪዎቹ ሁሉ ምድር ቤት ላይ ተደርድረው ሲገጠሙ ሁለት ቁጥር መቀያየር በጣም ቀላል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው የሁለተኛ ፎቁን ምጣድ ሲከፍል ይኖራል። የቅድመ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ካርድ ሳይሞላ ሲቀር የእሱ መብራት ይጠፋል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው። አንድ ቆጣሪ ጠፍቶ የየትኛው ቤት መብራት እንደጠፋ ማየትና መጻፍ። ከዚያ የመነሻ ንባቡ፣ የእሽጉ ቁጥር፣ የፌዝና የኒውትራል ልኬቱ በአንድ ቅጽ ላይ ሰፍሮ ገጣሚውም ደንበኛውም ይፈርማሉ፣ ኮፒው ቤት ይቀራል። ሥልጠናው ይህን ቅጽ መሙላትን እንደ ሙያ ካላስተማረ፣ ምዘናውም ካልጠየቀው፣ ማንም በራሱ ፈቃድ አይሞላውም።

ባለቤቱ ራሱ ሊያየው የሚችለው

እሽግ መፍታት ክልክልም አደገኛም ነው። ሳይነኩ ማየት ግን ይቻላል። በዲጂታል ቆጣሪው ፊት ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለች። ከጎኗ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1600 የተለመደ ቁጥር ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ 1000 ዋት የሆነ ማሞቂያ ብቻ ቢሰካ በአንድ ደቂቃ ወደ 27 ጊዜ ብልጭ ማለት አለባት። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋትና የመስመሩ ቮልቴጅ ስለሚለዋወጡ ጥቂት ልዩነት ያለ ነው። 40 እና 50 ከደረሰ ግን ልዩነቱ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፍቶ ማየት ነው። ቤቱ ሁሉ ጨልሞ መብራቷ ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች፣ ወይ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ፣ ወይ የሌላ ቤት ኮረንቲ በኒውትራሉ በኩል እያለፈ ነው። ያኔ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በ905 ደውሎ ያየውን በትክክል መናገር ያስፈልጋል። ብሬከሩ እንደጠፋ፣ መብራቷ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደበራች፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ስለመብራቱና ስላለመብራቱ። “ቆጣሪው ይጋልባል” ብሎ ለሚያመለክት ሰው የሚላከው ባለሙያ ቆጣሪውን ሊመረምር ይመጣል። ይህን ለሚናገር ሰው ግን ሽቦውንም ለመለካት ክላምፕ ሜትር ይዞ የሚመጣበት ምክንያት አለው።